ዘር የሌለው ተክል፦ ናና እንዴት ጎሮ ጓሯችን ደረሰ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ዓመት በመስጂዳችን የውዱእ ቦታ ዳር የነበረው ናና ደረቀ። ማን አደረቀው ብትሉ፣ ያደረቅነው እኛው ነን። ጭቃ አስቸገረን ብለን ዙሪያውን በሲሚንቶ ስንደፍነው የናናው ሥር ከሲሚንቶው በታች ቀረ። ያኔ ምንም አልመሰለንም። ነገሩ የገባን ረመዷን ሲመጣ ነው። ከተራዊሕ በኋላ ሻይ ቀርቦ ሳለ አንድ አባት ብርጭቋቸውን አሽትተው «ናናችሁስ?» ብለው ጠየቁን።

«ከሰፈር እናመጣለን» ብለን ወጣን። ቀላል ነገር መስሎን ነበር። በር ያንኳኳንባቸው ቤቶች አብዛኞቹ ግን «ድሮ ነበረን» አሉን። አንዱ ግቢውን ታይልስ አስነጥፎበታል፤ አንዱ ጓሮው ላይ የሚከራይ ክፍል ሠርቶበታል፤ አንዱ ቤት ደግሞ ያጠጡት የነበሩት እናት ካለፉ በኋላ ዞር ብሎ ያየው ሰው የለም። በመጨረሻ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ቤት፣ ከቧንቧው ሥር፣ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ አገኘነው።

«አዴ፣ ትንሽ ናና ይሰጡናል?» ስንላቸው ሳቁብን። «የመስጂዱም እኮ ከዚሁ የሄደ ነው፤ ልጆቼ ረስታችሁ ነው እንጂ» አሉን። ለሳቸው የሰጧቸው አማታቸው ናቸው። አማታቸው ደግሞ ከጎባ ወደ ጎሮ ሲመጡ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘውት መጥተዋል።

መድረሳ ቁጭ ብሎ የቀራ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ትዝ የሚለው ሰነድ ነው፤ እገሌ ከእገሌ፣ እሱም ከእገሌ። ለካ ናናም ሰነድ አለው። ከዚያች ቀን ጀምረን የዚህን ተክል ታሪክ ስንፈልግ ቆየን። ያገኘነውን እነሆ እናካፍላችሁ።

◆ ስሙ ይመሰክራል

«ናና» የዐረብኛው «ናዕናዕ» ነው። በመካከሉ ያለችው ዐይን በአማርኛ አንደበት ስለማትነገር መንገድ ላይ ቀርታ ናና ሆነ። ብቻውንም አልመጣም። ሻይ ስናፈላ የምንጠራቸውን ስሞች እስቲ ልብ በሉ፦ ቀረፋ «ቂርፋ» ነው፤ ቅርንፉድ «ቀረንፉል» ነው፤ ዝንጅብል «ዘንጀቢል» ነው፤ ሄልም ከዚያው ቋንቋ ነው። ቡናችንን የምንቀዳበት ፍንጃል ሳይቀር «ፊንጃን» ነው። እነዚህ ቃላት ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች ተነስቶ ወደ ደጋው የሚወጣውን የጥንት የንግድ መንገድ ተከትለው የገቡ ናቸው።

ነገር ግን በናናና በሌሎቹ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ደረቅ ቅመም በከረጢት ይጓዛል። ቅርንፉድ በግመል ጀርባ ወር ቢሰነብት፣ በሱቅ መደርደሪያ ዓመት ቢቀመጥ፣ ያው ቅርንፉድ ነው። ናናን በጓሮ ለማግኘት ግን በሕይወት እያለ፣ ሥሩ እርጥብ ሆኖ፣ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ መሻገር አለበት። ደርሶም ውሃ የሚያጠጣው ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ናና የተተከለበት ቦታ ሁሉ ለመቀመጥ ያሰበ ሰው የኖረበት ቦታ ነው። ነገ ጓዙን ጭኖ የሚሄድ ነጋዴ ናና አይተክልም።

◆ ባሌ በመንገዱ ላይ

ሀገራችን ባሌ በዚያ የንግድና የዕውቀት መንገድ ላይ እንግዳ አልነበረችም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የደማስቆው ተወላጅ ኢብኑ ፈድሉላህ አል-ዑመሪ (1301–1349 እ.ኤ.አ.) በዘመኑ የነበሩትን ሰባት የሐበሻ ሙስሊም ግዛቶች ሲቆጥር ኢፋትን፣ ደዋሮን፣ አረባብኒን፣ ሐድያን፣ ሸርኻንና ዳራን ዘርዝሮ «ባሊ» ብሎ የኛኑ ባሌ ጨምሯል። ካይሮ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ባሌ የጻፈ ሰው መኖሩ፣ በመካከል የሚመላለስ ሰው እንደነበረ ያሳያል።

የኛ ጎሮ ደግሞ ከሮቤ ወደ ጊኒር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ የሚወርድ፣ ወደ ድሬ ሼኽ ሑሴን የሚያልፍ ሰው በዚህ አቅጣጫ ነው መንገዱ። ከአንድ ዓሊም ወደ ሌላው ኪታቡን ተሸክሞ በእግሩ የሚሄድ ደረሳም ይህን መንገድ ያውቀዋል። ከጎባና ከሮቤ ብርድ ዝቅ ብላ የምትገኘው ጎሮ፣ ከጊኒር ጋር ሆና፣ ጥቁር አዝሙድና አብሽ የሚበቅልባት ምድር ናት። ሽታ ያለው ተክል የሚወድደው አፈር ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች የየመን ነጋዴዎች ሱቅ ነበራቸው። አማርኛችን እስከ ዛሬ ሱቅን «ዐረብ ቤት» የሚለው ከዚያ ወዲህ ነው። በየመን ሻይን ከናና ጋር መጠጣት የቤት ልማድ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ከነዚያ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሀገሩን ለቀዋል፤ ሻይ በናና ግን ሳይሄድ ቀርቷል።

◆ ሐኪሞቹ ምን ጻፉ?

ኢብኑ ሲና (980–1037 እ.ኤ.አ.) «አል-ቃኑን ፊ ጢብ» በተባለው ታላቅ መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል መድኃኒቶችን አንድ በአንድ ሲዘረዝር ናዕናዕን አንስቶታል። ጨጓራን እንደሚያበረታ፣ ምግብ እንደሚያስፈጭና ስቅታን እንደሚያስታግስ ጽፏል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በአንደሉስ፣ በኢሽቢሊያ (በዛሬዋ ሴቪል)፣ የኖረው ኢብኑል ዐዋም ስለ እርሻ ብቻ አንድ ትልቅ ኪታብ አዘጋጅቶ ከ500 በላይ ዕፅዋት እንዴት እንደሚተከሉና እንደሚያዙ አስተማረ። በማላጋ ተወልዶ በ1248 እ.ኤ.አ. በደማስቆ ያረፈው ኢብኑል በይጣር ደግሞ 1,400 ያህል መድኃኒቶችንና ምግቦችን በፊደል ተራ ሰበሰበ። ዓሊሞቻችን ጓሮን ንቀው አላለፉም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ናና በቁርኣን ውስጥ በስም አልተጠቀሰም። ስለ ጥቁር አዝሙድ ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) የዘገቡት ሐዲሥ የታወቀ ነው። ስለ ናና የያዝነው ግን የሐኪሞች ቃል ነው። የሐኪም ቃል ክብር አለው፤ በቦታው ይቀመጥ። በቴሌግራም የደረሰንን ሁሉ «ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲህ ብለዋል» ብለን ሳናጣራ ማስተላለፍ ግን ከባድ ተጠያቂነት አለው። ሰነድ የሌለውን ወሬ ሰነድ አለው አንበል።

◆ እንደ በቅሎ የሆነው ናና

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። «ናና» ብለን የምንጠራው ተክል በእውነቱ አንድ ዓይነት አይደለም። በጓሮ በብዛት የሚገኙት ሁለት ናቸው። አንደኛው ስፒርሚንት የሚባለው ነው፤ ቅጠሉ ብሩህ አረንጓዴ ሆኖ ያለ አንገት በግንዱ ላይ ይቀመጣል፣ ጣዕሙም ለስላሳ ነው። የጥንት ሐኪሞች ናዕናዕ ሲሉ የሚያውቁት ከዚህ ወገን የሆነውን ነው። ሁለተኛው ፔፐርሚንት ነው፤ ቅጠሉ ጠቆር ይላል፣ አጭር አንገት አለው፣ ግንዱ ብዙ ጊዜ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ያደላል። ሲያኝኩት መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ቀጥሎ አፍን ያቀዘቅዛል።

ፔፐርሚንት በራሱ የቆመ ዘር አይደለም። ውሃ ዳር የሚበቅል የዱር ናናና ስፒርሚንት ተዳቅለው የወለዱት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ጆን ሬይ መዘገበው፤ በ1753 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ «ሜንታ ፒፔሪታ» ብሎ ሰየመው፤ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ የሚል ናና እንደ ማለት ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን ለንደን አጠገብ ባለችው ሚችም ገበሬዎች ለዘይቱ ብለው በሰፊው ያመርቱት ጀመር።

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ይባላል። ፔፐርሚንትም የተክል በቅሎ ነው። በቅሎ እንደማትወልድ ሁሉ እሱም የሚበቅል ዘር አይሰጥም ማለት ይቻላል። አበባ ያወጣል፣ ንብ ይመጣበታል፣ ዘር ግን የለም። የሚራባው ሥሩ ከአፈር በታች እየተሳበ ሲሄድ ወይም ሰው ግንጣዩን ቆርጦ ሲተክለው ብቻ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብለን እናስብ። ዛሬ በአንድ ጎሮ ቤት ጓሮ ውስጥ ያለ ፔፐርሚንት ነፋስ ያመጣው፣ ወፍ የጣለው አይደለም። ከመጀመሪያው ተክል እስከ እኛ ድረስ አንድም ቦታ ሳይቆረጥ፣ አንዱ ለሌላው እየሰጠው የደረሰ ነው። ከሰጪዎቹ አንዱ «ለምን ልስጥ?» ብሎ ቢሆን ኖሮ በዚያ መስመር እኛ ዘንድ አይደርስም ነበር።

◆ ለምን ይቀዘቅዛል?

ፔፐርሚንት አፍ የሚያቀዘቅዘው ሜንቶል በሚባል ንጥረ ነገር ነው። የሚገርመው ሜንቶል በእውነት አያቀዘቅዝም፤ የአፋችን ሙቀት ያው ነው። በነርቮቻችን ጫፍ ላይ ብርድን የሚያውቅ እንደ በር ያለ ነገር አለ፤ ሜንቶል ያንን በር ይከፍተዋል፣ አእምሯችንም «ብርድ መጣ» ይላል። ይህንን በር በ2002 እ.ኤ.አ. በሜንቶል ተጠቅመው፣ ለየብቻ ሲሠሩ የደረሱበት ዴቪድ ጁሊየስና በቤይሩት የተወለደው አርደም ፓታፑቲያን ናቸው። በ2021 እ.ኤ.አ. ሰውነት ሙቀትንና ንክኪን እንዴት እንደሚያውቅ ላሳዩበት ሥራቸው የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ሱብሓነላህ! አያቶቻችን ከቧንቧ ሥር የሚቀነጥሱት ቅጠል ውስጥ ይህ ሁሉ ነበረ። ስፒርሚንት ደግሞ ሜንቶሉ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሽታውን የሚሰጠው ካርቮን የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ነው። ጓሯችሁ ያለው የትኛው እንደሆነ አኝካችሁ መለየት ትችላላችሁ።

◆ ጦስኝ የተራራው ነው፣ ናና የጓሮው

የባሌ ልጅ ሆኖ ጦስኝ ያልጠጣ የለም። ጦስኝ በዓለም ላይ በዱር የሚበቅለው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በሰነቴ አምባ በኩል ያለፈ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ያ ሁሉ የተራራ ተክል አብሮ አደራ ሆኖብናል።

ችግሩ ጦስኝ የሚሰበሰብበት መንገድ ነው። ቅርንጫፉ በማጭድ ቢቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከነሥሩ ሲነቀል ግን ቦታው ባዶ ይቀራል። ከተማ ተቀምጠን በየቀኑ ከነሥሩ የተነቀለ እስር የምንገዛ ከሆነ፣ ተራራውን የሚያራቁተው የኛ ሻይ ነው። ጦስኝ አትጠጡ አንልም። ግን ዕለት ዕለት የሚጠጣ ሻይ ከጓሮ ናና ቢሆን፣ ጦስኝ ደግሞ ለብርድና ለጉንፋን ጊዜ ቢቀመጥ፣ ስንገዛም ሥር የሌለውን መርጠን ብንገዛ፣ ለተራራው እፎይታ ነው።

◆ እንዴት እንትከል?

ተከራይ ነኝ፣ ጓሮ የለኝም የሚል አይጠፋም። ለናና አንድ የተቆረጠ ጀሪካን ይበቃዋል፤ እንዲያውም ጀሪካን ይሻለዋል። ሜዳ ላይ የተተከለ ናና ሥሩ እየተሳበ ጎመኑንም ሰላጣውንም ይወርሳል።

1. ከጤነኛ ተክል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ አበባ ያላወጣ ግንጣይ ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል ቀንጥሳችሁ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቁሙት፤ ውሃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሩ። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ነጭ ሥር ያወጣል።

2. የጀሪካኑን መቀመጫ ብሱት። አፈርና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅላችሁ ሙሉ፣ ግንጣዩንም ትከሉ።

3. የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝበት፣ ከቀትር በኋላ ጥላ የሚያርፍበት ቦታ ይወዳል። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይቁምበት። ሳሙና ያልገባበት የውዱእ ውሃ በጣም ይስማማዋል፤ ይህ ውሃ እንዳይባክን ጥሩ መንገድ ነው።

4. ስትለቅሙ ቅጠል ቅጠሉን አትግፈፉ፤ ከአንጓ በላይ ጫፉን ቁረጡ፣ በሁለት በኩል ያቆጠቁጣል። ሽታው እጅግ የሚበረታው አበባ ሊያወጣ ሲል ነው። ለማድረቅ ጥላ ላይ ይሁን፤ ፀሐይ ሽታውን ይወስደዋል።

5. የሮቤና የጎባ ወገኖች ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ሲመጣ ጀሪካኑን ግድግዳ ሥር አስጠጉት። ላዩ ቢከስል አትጣሉት፤ ሥሩ በሕይወት ካለ ዝናብ ሲመጣ ይመለሳል።

6. በቅጠሉ ጀርባ ብርቱካንማ ዱቄት ካያችሁ ዋግ ነው። ከስንዴያችን ዋግ ጋር ዝምድና ቢኖረውም ወደ ስንዴ አይሻገርም። የታመመውን ቆርጣችሁ አስወግዱ። በየሁለት በየሦስት ዓመቱም ሥሩን ከፋፍላችሁ በአዲስ አፈር ትከሉት፤ ከተረፋችሁ ለጎረቤት ስጡ።

◆ አጠቃቀምና ጥንቃቄ

ናና ከሻይ ጋር አይፈላም። ሻዩ ከእሳት ከወረደ በኋላ የታጠበውን ቅጠል ጨምራችሁ ለአምስት ደቂቃ ያህል ክደኑት፤ ክዳን ከሌለ ሽታው በእንፋሎት ይሄዳል። ያለ ሻይ ቅጠል በሙቅ ውሃ ብቻም ይጠጣል። በረመዷን ሳምቡሳው በዝቶ ሆድ ሲነፋ ከኢፍጣር በኋላ የሚጠጣ ናና ይስማማል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በልቶ ወደ መስጂድ መምጣት እንደማይገባ እናውቃለን፤ ቅጠሉን ማኘክ ለትንፋሽ ጥሩ ነው፣ ሽንኩርቱን መተው ግን ይበልጣል።

ቃር ያለበት ሰው ይጠንቀቅ፤ ፔፐርሚንት ቃርን ሊያባብስ ይችላል። ከሱቅ የሚገዛው የናና ዘይት ከቅጠሉ እጅግ የጠነከረ ስለሆነ አይጠጣም፤ ሜንቶል ያለበት ዘይትም ሆነ ቅባት በሕፃን አፍንጫና ፊት አካባቢ ፈጽሞ አይቀባ፣ ትንፋሽ ሊያውክ ይችላል። የቆየ የሆድ ሕመም ያለበት ደግሞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ናና ሐኪምን አይተካም።

◆ ሰነዱ በኛ እንዳይቆረጥ

ወደ መስጂዳችን እንመለስ። ያቺ እናት ሦስት ግንጣይ ሰጡን። እኛም የሲሚንቶውን አንድ ጥግ ፈንቅለን፣ አፈር ሞልተን፣ ውሃው ወደዚያ እንዲፈስ አደረግን። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ጉልበት ደርሷል። ከጁሙዓ በኋላ ለሚጠይቅ ሁሉ አንድ አንድ ግንጣይ እንሰጣለን። ስንሰጥም ከማን እንደመጣ እንነግራለን፤ ከጎባ፣ ከአማት፣ ከምራት፣ ከመስጂድ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም የተከለው ተክል ሰውም ወፍም እንስሳም ቢበላለት ሶደቃ እንደሚሆንለት አስተምረዋል። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ደግሞ ረይሓን፣ ማለትም መልካም ሽታ ያለው ተክል፣ የቀረበለት ሰው ስጦታውን እንዳይመልስ መክረዋል፤ ሸክሙ ቀላል ነው፣ ሽታውም ያማረ ነው። ናናም ከመልካም ሽታ ተክሎች አንዱ ነው። ሰጪውን አያከስርም፣ ተቀባዩን አያሸክምም።

እኛን ያስደነገጠን የናናው መድረቅ ብቻ አልነበረም። በዚያ ሁሉ ሰፈር አንድ ጀሪካን ብቻ መቅረቱ ነው። እኚያ እናት አንድ ቀን ማጠጣት ቢያቅታቸው ከጎባ የመጣው ሰነድ እዚያው ያበቃ ነበር፤ ማንም «ጠፋ» ብሎ ሳያውቅ። ስለ ናና ብቻ አይደለም። ስንቱ የቤት ዕውቀት፣ ስንቱ የአያቶች ወሬ በአንድ ሰው እጅ ቀርቶ ይሆን?

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። ሰፈራችሁ ናና ያላቸውን እናት ፈልጉ። አንድ ግንጣይ ለምኗቸው፣ ከማን እንዳገኙትም ጠይቋቸው። ከዚያ ተክላችሁ፣ ሥር ሲሰድ ለሌላ ሰው ስጡ።

አላህ (ሱ.ወ.) እናቶቻችንን ይጠብቅልን፣ ላለፉትም ይማርልን። ወሏሁ አዕለም።